የ97 ራቭፎር፦ ታይሚንግ ቺንጋውን ሳይበጠስ ልቀይር? የውሃ ፖምፓውስ?

አዲስ_ገዢ · ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለቤቱ። ከሁለት ወር በፊት የ1997 ሞዴል ራቭፎር ገዛሁ። ባለ አምስት በር፣ ማንዋል፣ ሞተሯ 3ኤስ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 2000 ሲሲ ቤንዚን ነው። ሻጩ ሦስተኛ ባለቤት ነው። ቆጣሪው 186 ሺህ ይላል፤ የመሪው ቆዳና የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ ግን ሌላ ታሪክ ነው የሚያወሩት። «ታይሚንግ ቺንጋው፣ የሞተሩን ውስጥ በልኩ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ላስቲክ፣ መቼ ተቀየረ?» ስለው «እሱማ አዲስ ነው፣ ተኝተህ እደር» አለኝ። ደረሰኝ የለ፣ ቀን የተጻፈበት ወረቀት የለ፣ ቃሉ ብቻ።

ሁለት መካኒክ አማከርኩ። አንዱ «እየሠራ ያለ ሞተር አይነካም፣ ሲበጠስ ትቀይረዋለህ» አለኝ። ሌላው «ቺንጋውን እንቀይር፣ የውሃ ፖምፓው ግን አያፈስም፣ ለምን ብርህን ታቃጥላለህ» ይላል። እኔ ደግሞ ከጎማና ከባትሪ ያለፈ ነገር አላውቅም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይቺን ሸጦ ሌላ መግዛት የሚታሰብ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ አብረን ነው የምናረጀው።

ሌላ ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ ዳገት ላይ ትደክማለች። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳን አልፌ ወደ እንጦጦ ስወጣ ከሁለተኛ ማርሽ ሳልወጣ ነው የምደርሰው። «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው» ብለውኛል። ይህን እግረ መንገዴን ነው የጠቀስኩት፤ ጥያቄዬ ቺንጋው ላይ ነው።

ሃይሉክስ_ኮምቦልቻ · ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4፡05

«ሲበጠስ ትቀይረዋለህ» ያለህን ሰው ሁለተኛ እንዳትጠይቀው። የእኔን ስማ።

3ኤል ሞተር ያላት ናፍጣ ሃይሉክስ ነበረችኝ። ባለ ቺንጋ የቶዮታ ናፍጣዎች ብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይ የቺንጋ መብራት አላቸው፤ የእኔዋ ዓይነት ላይ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይበራል። የእኔ አልበራም፣ እኔም እፎይ ብዬ እነዳለሁ። አንድ ቀን ጭነት ይዤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር እየወጣሁ ሞተሩ ጸጥ አለ። ኳ የሚል ነገር የለ፣ ጭስ የለ፣ ጸጥ ብቻ። ቁልፍ ስጠመዝዝ ሞቶሪኖው ምንም እንዳልያዘ ሁሉ ፍርርር ብሎ በባዶ ይዞራል። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።

ተጎትቼ ጋራዥ ስገባ ከስምንቱ ባልቦላ (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ በሮች) ስድስቱ ተጣመዋል፣ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ ማለት ነው፣ ቶርኖ ቤት ገባ። ዳሽቦርዱን ሲፈቱት የቺንጋው መብራት አምፖል የለም! ከእኔ በፊት የነበረ ሰው መብራቱ ሲበራበት ቺንጋ ከሚቀይር አምፖል መንቀል ቀሎታል።

ጋሽ_ቶርኖ · ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ አዲስ ገዢ፣ እንኳን ደስ አለህ። ራቭፎርህ ደግ ሞተር ነው ያላት። የኮምቦልቻው ወንድማችን ያለው እውነት ነው፣ ግን የናፍጣና የአንተ አንድ አይደለም። ናፍጣ አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚጨምቀው ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከባልቦላው ጋር የሚተላለፉበት ቦታ የለም፤ ካምሻፍቱ፣ ባልቦላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ከቆመ ይጋጫሉ። 3ኤስ-ኤፍኢ ላይ ግን ቦታ ስለተተወ ቺንጋው ቢበጠስ ባልቦላ አይጣመምም። ሞተሩ ይጠፋል፣ በቃ። ይህን ስልህ ግን «እንኪያስ ልጠብቅ» እንዳትል። ሞተሩ ቢተርፍም አንተ የት ላይ እንደምትቆም አታውቅም። ሌሊት ሁለት ልጅ ይዘህ አባይ በረሃ መሃል ቢሆንስ?

ቤንዚን ሁሉ እንደ አንተ ነው ብሎም የሚያስብ እንዳይኖር። የሆንዳ፣ የሃዩንዳይ፣ የሚትሱቢሺ ብዙዎቹ ባለ ቺንጋ ሞተሮች ይጋጫሉ።

አሁን ወደ ፖምፓው። የሰዉ ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁሉም ስለየራሱ መኪና ስለሚያወራ ነው። 4ኤ ወይም 5ኤ ሞተር ባላት ኮሮላ ላይ የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው የውጭው ቺንጋ ነው፣ ከዲናሞው ጋር። እዚያ ላይ ፖምፓው ቢሞት ታይሚንጉን ይዞት አይሞትም። የአንተ ላይ ግን ታይሚንግ ቺንጋው ከክራንኩ፣ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ፣ ተነስቶ የዘይት ፖምፓውን፣ የውሃ ፖምፓውን፣ ካምሻፍቱንና ቺንጋውን የሚመሩና የሚወጥሩ ሁለት ኩሺኔታዎችን ይዞራል። የውሃ ፖምፓው የታይሚንጉ አንድ አካል ነው ማለት ነው። የፖምፓው ኩሺኔታ ቢነክስ ቺንጋውን ይበላዋል። ውሃ ቢያፈስ አዲሱ ቺንጋህ ላይ ያንጠባጥባል። እሱን ለመቀየር ደግሞ የቀኝ ሞተር መያዣውን፣ ፑሌጃውን (ቺንጋ የሚዞርበትን ጎማ)፣ ሽፋኖቹን እንደገና ማውረድ ነው። አንድ ሥራ ሁለቴ።

እኔ ብሆን የማዘው፦ ቺንጋ፣ የውሃ ፖምፓ ከነጓርኒሲዮኑ (ከነማሸጊያው)፣ ሁለቱ ኩሺኔታዎች፣ የመወጠሪያው ስፕሪንግ፣ የካምሻፍት፣ የክራንክና የዘይት ፖምፓ ኦይል ሲሎች (ዘይት የሚያግዱ ላስቲኮች)። ሲሎቹ በዋጋ ምንም አይደሉም፣ ሲያፈሱ ግን ቺንጋውን ዘይት ያጠጡታል፤ ዘይት የጠጣ ላስቲክ ያብጣል፣ ጥርሱ ይላጣል።

ቀይር አትቀይር ብለህ ለጠየቅኸው፣ ደረሰኝ የሌለው ቺንጋ ያረጀ ቺንጋ ነው። ሻጭ ምሎ ቢነግርህም።

የአሌክሳንድሪያው · ጥቅምት 5፣ ከሰዓት በኋላ 10፡30

ከቨርጂኒያ ሰላም። ጋሼ ያሉትን በራሴ ኪስ ከፍዬ ተምሬዋለሁና ላክልበት።

ኦዲሲ አለችኝ፣ ቪ6 ሆንዳ፣ ቺንጋው ሲበጠስ ከሚጋጩት። መቀየሪያው 105 ሺህ ማይል አካባቢ ነው፣ ወደ 170 ሺህ ኪሎ ሜትር። ጊዜው ሲደርስ ራሴ እሠራለሁ ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ገባንበት። የክራንክ ቡሎኑ ብቻውን ግማሽ ቀን ወሰደብን። የ19 ቡሶላ ነው፣ ከፋብሪካ የሚታሰረው በ245 ኒውተን ሜትር ነው፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ነክሶ ይይዛል። ፑሌጃውን የሚይዝ ባለ 50 ሚሊ ስድስት ማዕዘን መያዣ እስክንገዛ ድረስ አልንቀሳቀስ አለን። ጎረቤቶቻችን በመስኮት ያዩናል፣ እኛ የሁለት ሜትር ቧንቧ እጀታው ላይ ሰክተን እንንጠለጠላለን።

ይህን ሁሉ ለፍተን ውስጡ ስንደርስ ፖምፓውን በእጄ አዞርኩት፣ ልስልስ ያለ ነው፣ አያፈስም። «ደህና ነው» ብዬ ተውኩት! 40 ሺህ ማይል ሳልሄድ ማንጠባጠብ ጀመረ። ያው ቡሎን፣ ያው ቧንቧ፣ ያው ጎረቤት። ሁለተኛ ጊዜ አይሲን የሚባለውን ሙሉ ኪት ነው የገዛሁት፤ ቺንጋ፣ ፖምፓ፣ መወጠሪያ፣ ኩሺኔታ በአንድ ካርቶን። ዳግም እንዳላየው።

ሰብሊ_ቪትዝ · ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1፡10

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከርዕስ ላስወጣዎት ነው። ቪትዝ ነው የምነዳው። እኔም ቺንጋ መቀየር አለብኝ? ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሞተሩ ድምፅ በለወጠ ቁጥር ልቤ ይመታል።

ጋሽ_ቶርኖ · ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1፡45

አይዞሽ ልጄ። ቪትዝ ታይሚንጉ ቺንጋ አይደለም፣ ካቴና ነው። የብረት ሰንሰለት ማለት ነው፣ ሞተር ዘይት ውስጥ ይሠራል። በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ አይቀየርም። ጠላቱ የቆየ ዘይት ነው። ዘይትሽን በጊዜው ቀይሪ፣ ጠዋት ስታስነሺ ከቀኝ በኩል ሻካራ የሰንሰለት ድምፅ ከሰማሽ አሳዪ። የውሃ ፖምፓሽም በውጭው ቺንጋ ነው የሚዞረው። በሰላም ንጂ።

ድሮ ሰማያዊና ነጮቹ ላዳዎችም አብዛኞቹ ካቴና ነበሩ፣ 2105 የሚባለው ሞተር ሲመጣ ነው ቺንጋ ያየነው። ያኔ «ላስቲክ ሞተር ያዞራል?» ብለን ስቀናል።

ቆጣቢው · ጥቅምት 6፣ ከረፋዱ 4፡00

ሁላችሁም «ቀይር ቀይር» ብላችሁ ሰውየውን አስጨነቃችሁት። እኔ የምለው ሌላ ነው። አሁን በላዩ ያለው ፖምፓ ምናልባት ከፋብሪካ የወጣበት ነው፤ እስከ ዛሬ አላፈሰሰም። እሱን አውጥቶ ገበያ ያለውን «ኦሪጅናል» የሚል ካርቶን የለበሰ ኮፒ መግጠም ደህናውን በበሽተኛ መለወጥ ነው። ወንድሜ አዲስ ፖምፓ ገጥሞ በሦስት ወሩ አፈሰሰበት። መካኒኩ ደግሞ ዕቃ ሻጩ ጋ የራሱ ድርሻ ስላለው «ሙሉ ይቀየር» ማለቱ አይገርምም። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ጋሽ_ቶርኖ · ጥቅምት 6፣ ቀን 7፡20

ቆጣቢው ልክ ነው። ይህን የምለው ለማስታረቅ አይደለም፤ በእጄ የገጠምኩት አዲስ ፖምፓ በሁለተኛው ሳምንት ሲያለቅስ አይቻለሁ። ኮፒ ከሆነ አሮጌው ይሻላል። ስለዚህ ዕቃውን መካኒክህ ይግዛልህ አትበል፣ አብረኸው ሂድ። ሶማሌ ተራም ሂድ ተክለሃይማኖት፣ አንድ ሱቅ ላይ አትቁም።

ፖምፓውን ከካርቶኑ አውጥተህ ጥርሱን በጣትህ አዙር። ሳይዘል፣ ሳይንቋቋ፣ ትንሽ ከበድ ብሎ እኩል መዞር አለበት። ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፣ መንቀሳቀስ የለበትም። ከዚያ ገልብጠህ ውሃ የሚገፋውን ክንፍ እይ። ጥሩው ዳሩ የጠራ፣ ከግንዱ ጋር ጠብቆ የተያዘ ነው። መጥፎው እንደ ቆርቆሮ ሳህን ተቆርጦ የተጣጠፈ፣ ዳሩ እጅ የሚቆርጥ ነው። ጓርኒሲዮን የሚቀመጥበት ፊት ላይ ጥፍርህን ሳብበት፤ ከያዘህ አትግዛ። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ማልቀሻ ትባላለች፣ ውስጥ ያለው ሲል ሲደክም ውሃው በእሷ ነው የሚወጣው። እሷ በቀለም ወይም በሙጫ ከተደፈነች ሻጩን ተሰናበተው። ቺንጋው ላይ ደግሞ የጃፓኖቹን ሚትሱቦሺ ወይም ባንዶ፣ አለዚያም የአሜሪካውን ጌትስ ካገኘህ ውሰድ። ጽሑፉ በጣትህ ስታሸው የሚለቅ ከሆነ ትተኸው ውጣ።

ከሐይፋ · ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡00

ሰላም ወገኖች። ሁሉም ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፣ እኔ ዓመቱን ላስታውስ። የባለቤቴ ሃዩንዳይ ጌትዝ 1.4 ናት። ሥራዋ ቅርብ ስለሆነ በዘጠኝ ዓመት 60 ሺህ እንኳን አልሞላችም። ዓመታዊው ቴስት ላይ ሁሌ ታልፋለች። ቴስት ግን ፍሬን፣ መብራት፣ ጭስ ነው የሚያየው፣ የታይሚንግ ሽፋን አይከፍትም። ባለፈው በጋ ጋራዥ ውስጥ በሌላ ጉዳይ ሲከፍቱት ቺንጋው ጀርባው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል፣ ልክ ክረምት ያጣ መሬት። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፤ የእሷ ሞተር ደግሞ ከሚጋጩት ነው።

አዲስ_ገዢ · ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 2፡30

እናንተን አንብቤ እንቅልፍ ስላጣሁ ቅዳሜ የላይኛውን ሽፋን በ10 ቁልፍ ፈትቼ አየሁት። መጀመሪያ ያየሁት ዘይት ነው። ከካምሻፍቱ ፑሌጃ ጀርባ ጥቁር ዘይት ወርዶ የሽፋኑ ውስጥ ግድግዳ ላይ አቧራ ይዞ ተጋግሯል። ቺንጋው ላይ ምንም ጽሑፍ አይነበብም። ጎንበስ ብዬ በስልክ መብራት ጀርባውን ሳየው ያብለጨልጫል፣ እንደ ተወለወለ ጫማ። ጠምዘዝ ሳደርገው በጥርሶቹ ሥር ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ተከፈቱ። «አዲስ ነው» ያለኝ ይህን ነው።

ወደ ታች በፖምፓው በኩል ደግሞ ከማልቀሻዋ ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ብሎኩ የወረደ የዝገት መስመር አለ፣ ደረቅ፣ ዳሩ ነጭ። አሁን አያፈስም፣ ከዚህ በፊት ግን አልቅሷል። ራዲያተሩን ስከፍት ውስጡ የቧንቧ ውሃ ነው፣ ቀለሙ ሻይ። ቴርሞስታቱም (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተር የሚያግደው) የለም፤ ቤቱ አለ፣ እሱ የለም።

ፊዚክስ_መምህር · ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 3፡50

ቴርሞስታቱን ያወጣው ሰው «መኪናዋ እንዳትሞቅ» ብሎ ነው፣ አገር ምድሩ ይህን ያደርጋል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ በኩል ያለውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ አቋራጩ ሁሌ ክፍት ስለሆነ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፤ ሲከፋ ደግሞ ዳገት ላይ ይሞቃል።

ከፍታችንንም አትርሱ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ 100 አይደለም። ሞተር ደግሞ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚሠራው። ልዩነቱን የሚሸፍነው የራዲያተር ክዳኑ ነው። ግፊት ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ፖምፓ ስትቀይር ክዳኑን አብረህ ቀይር፣ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም። የቧንቧ ውሃውንም ተው። ዝገቱ የፖምፓውን ክንፍ ይበላል፣ ደለሉ ሲሉን ይሞርደዋል። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጨምር፣ ማሟያውን የተጣራ ውሃ አድርገው።

አዲስ_ገዢ · ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 2፡10

ተሠራ። ከመካኒኩ ጋር ሦስት ሱቅ ዞሬ፣ ሁለት ፖምፓ በጥፍሬ ፈትሼ መልሼ፣ ሦስተኛውን ወሰድኩ። ሻጩ «አንተ ልጅ ፖምፓ ነው የምትገዛው ወይስ ወርቅ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቺንጋ፣ ፖምፓ፣ ኩሺኔታዎች፣ ሲሎች፣ ቴርሞስታት፣ ክዳን፣ ኩላንት። ዋጋ አልጽፍም፣ ጠዋት ተጽፎ ማታ ይቀየራል።

ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ዋልኩ። ዘይት ቋቱ ሥር እንጨት አድርገው በክሪክ ሞተሩን ደገፉ፣ የቀኝ መያዣውን ፈቱ። አሮጌውን ቺንጋ ከማውለቁ በፊት ረዳቱ በፍሉድ ነጭ ምልክት አደረገበት፤ አንድ ካምሻፍቱ ላይ፣ አንድ ክራንኩ ላይ። ከዚያ አዲሱን አሮጌው ላይ አጣብቆ ጥርስ በጥርስ ቆጥሮ ምልክቱን አሻገረና ገጠመ። ብልህ ልጅ ነው ብዬ ጉርሻ ሰጠሁት። በአንድ ቁልፍ ተነሳች። አያፈስም፣ ድምፅ የለም፣ ሙቀቱ ግማሽ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አመሰግናለሁ።

ግን እንጦጦ ላይ ያው ናት። ሁለተኛ ማርሽ።

ጋሽ_ቶርኖ · ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡00

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ረዳቱ የፍሉዱን ምልክት ብቻ አየ ወይስ የፋብሪካውን ምልክትም አይቷል? ክራንኩ ላይ ዜሮ፣ ካምሻፍቱ ላይ ቀዳዳዋ?

ያ ዘዴ ብልሃት ነው፣ አሮጌው ቺንጋ በትክክል ተገጥሞ ከሆነ። ከእሱ በፊት የገጠመው ሰው አንድ ጥርስ ከሳተ ግን ያንን ስህተት ቆጥሮ ወደ አዲሱ ቺንጋ ገልብጦልሃል። መጀመሪያ የጻፍከውን አሁን ተመልሼ አነበብኩት፤ «ዳገት ላይ ትደክማለች» ብለህ ነበር። እኔም እንደ ጎረቤቶችህ በከፍታው አሳብቤ አለፍኩት፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ከፍታ ኃይል ይቀንሳል፣ እውነት ነው፣ ግን ባለ 2000 ሲሲ ራቭፎርን ሽሮ ሜዳ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አያስለምንም።

ዲስትሪቢዩተሩን፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን፣ እየው። ቡሎኑ የሚገባበት ቦታ ረዘም ያለ ክፍተት ነው፣ ወዲያና ወዲህ እንዲዞር። ቡሎኑ መሃል አካባቢ መሆን አለበት። ጥግ ድረስ ተገፍቶ ከታሰረ አንድ ሰው ከዚህ በፊት የሳተ ካምሻፍትን የካንዴላውን እሳት ሰዓት በማዞር ሊያካክስ ሞክሯል ማለት ነው።

አዲስ_ገዢ · ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡25

ጋሼ፣ አሁን በስልክ መብራት ወርጄ አየሁት። ጥግ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ መዞሪያ የለውም።

ጋሽ_ቶርኖ · ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡40

አገኘናት። ነገ አታስነሳት፣ ብትነሳም ምንም አትሆንም ግን ተዋት። መካኒኩ ይምጣና የላይኛውን ሽፋን ብቻ ይክፈት። ክራንኩን በእጅ፣ በቁልፍ፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ያዙረው፣ የፑሌጃው ጭረት የታችኛው ሽፋን ላይ ካለው ዜሮ ጋር እስኪገጥም። ከዚያ የካምሻፍቱ ፑሌጃ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ከኋላዋ ካለው የካምሻፍት ክዳን ምልክት ጋር ትገጥማለች ወይ? ቀዳዳዋ ጭራሽ በሌላ ወገን ከሆነች ክራንኩን አንድ ዙር ጨምሩ፣ ካምሻፍቱ በግማሽ ፍጥነት ነውና የሚዞረው። ገጥማ በጥቂት ሚሊ ከሸሸች ያቺ አንድ ጥርስ ናት።

ሲያርመው የመወጠሪያውን ቡሎን ያላላ፣ ስፕሪንጉ ራሱ ይሳበው እንጂ በካቻቢቴ እየገፋ አያጥብቀው። ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሮ ምልክቶቹ ተመልሰው ከገጠሙ ያኔ ይሰር። በሞቶሪኖ እየመታ አይመልከት። በመጨረሻ ዲስትሪቢዩተሩን ወደ መሃል መልሶ፣ የመመርመሪያ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 የሚባለውን ቀዳዳ ኢ1 ከሚባለው ጋር አገናኝቶ፣ በታይሚንግ መብራት እሳቱን 10 ዲግሪ ላይ ያስቀምጠው። ይህን የመጨረሻውን ካልሠራ በፊት ከነበረው የባሰ ይሆናል።

ቆጣቢው · ጥቅምት 17፣ ከጠዋቱ 2፡00

ጋሼ፣ ፖምፓው ላይ ተከራክሬዎት ነበር። ይቺን ግን አላውቅም ነበር። የእኔ ካሪናም 3ኤስ ናት፣ ልወርድና ዲስትሪቢዩተሯን ልይ።

አዲስ_ገዢ · ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 1፡30

ቀዳዳዋ ሸሽታ ነበር። አንድ ጥርስ። መካኒኩ ሲያይ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ረዳቱን ጠርቶ አሳየው። የእጅ ዋጋ አልተቀበለኝም። ጋሼ እንዳሉት ተሠርቶ፣ 10 ዲግሪው ተለክቶ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ቡሎን አሁን መሃል ላይ ነው።

ከስድስት ኪሎ ተነሳሁ። ሽሮ ሜዳ ላይ እጄ ልማድ ሆኖበት ማርሹ ላይ ሄደ፣ ሁለተኛ ልመልስ። አልፈለገችም። በሦስተኛ ወጣች። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ፣ ብቻዬን ስስቅ አይታ።

አንድ ሌላ ነገር ግን አለ። መካኒኩ አሮጌውን የታችኛውን ሽፋን በቤንዚን ሲያጥበው ከውስጥ በኩል በማርከር የተጻፈ ነገር ወጣ። አማርኛም አይደለም፣ ጃፓንኛም አይደለም። መጀመሪያ በመስታወት የታየ 7 የሚመስል፣ ከዚያ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ አራት ነጥቦች። ምን ይሆን?

ጂዳ_ነኝ · ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 2፡05

እሱማ የዐረብ ቁጥር ነው ወንድሜ፣ እኔ በየቀኑ ደረሰኝ ላይ የማነበው። በመስታወት የታየ 7 ያልከው 2 ነው፣ መስመሩ 1፣ ነጥቦቹ ዜሮ ናቸው። 210000። እዚህ መካኒኮች ቺንጋ ሲቀይሩ ኪሎ ሜትሩን ሽፋኑ ውስጥ ይጽፋሉ። መኪናህ ቺንጋዋን የቀየረችው እዚህ በእኛ ሰፈር ሳትሆን አትቀርም።

ሃይሉክስ_ኮምቦልቻ · ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 2፡12

ቆጣሪው ስንት ይላል ነበር ያልከው?

አዲስ_ገዢ · ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 2፡20

186 ሺህ።

ሽፋኑ ውስጥ የዐረቡን ቁጥር አላጠፋሁትም። ከሥሩ በአማርኛ ቀኑንና «ቆጣሪው የሚለው 186,900» ብዬ ጽፌ ገጥመነዋል።